30 ሚሊሜትር ጥይት ሁሉ ለምን አንድ አይደለም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቢኤምፒ-2 (የእግረኛ ተዋጊ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ) መድፍ 2ኤ42 እና የሚግ-29 ተዋጊ ጄት መድፍ ሁለቱም 30 በ165 ሚሊሜትር ጥይት (የአረሩ ውፍረት 30፣ የቀለሁ ርዝመት 165) ይጠቀማሉ ይባላል። ታዲያ የአንዱ ጥይት በሌላው ይተኮሳል? ቢኤምፒው ሁለት ዝናር ለየብቻ የሚጭነውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ አይተኮስም። የቀለሁ መጠን አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግርጌው ላይ ነው። የ2ኤ42 ጥይት በመርፌ ተመትቶ ይነሳል፣ የአውሮፕላኑና የባሕር ኃይሉ ደግሞ በኤሌክትሪክ። ክፉነቱ ልክክ ብሎ መግባቱ ላይ ነው። ባይገባ ስህተቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር፤ ገብቶ ዝም ሲል ግን መድፉ የተበላሸ ይመስላል። 2ኤ42 የሚሠራው በጥይቱ ጋዝ ስለሆነ፣ አንድ ጥይት ከከሸፈ እንደገና እስኪቀባበል ይቆማል። በእነዚህ ሁለት 23 ሚሊሜትር መድፎች ግን ይህ ስህተት አያጋጥምም፦ የአየር መከላከያው ዙ-23 የሚበላው 23 በ152 ነው፣ የአውሮፕላኑ ጂኤስኤች-23 ደግሞ 23 በ115፤ ቀለሃቸው ስለሚለያይ ጨርሶ አይቀያየሩም። ስለዚህ ካሊበሩን (የአረሩን ውፍረት) ብቻ አትመልከት፤ የቀለሁን ርዝመትና የአቀጣጠሉን ዓይነትም ጠይቅ።

መልስ፦ ስለ ዝናሩ ልጨምር። ቢኤምፒ-2 ከሚይዘው 500 ጥይት 340ው ፈንጂ፣ 160ው ብረት በሺ (ብረት የሚበሳ) ነው። ተኳሹ ኢላማውን አይቶ በማብሪያ ማጥፊያ ይመርጣል። የፈንጂው ዝናርም ራሱ ድብልቅ ነው፤ በተለምዶ ከአራት ተራ ፈንጂ በኋላ አንድ ጅራቱ የሚያበራ ይገባል። ሁሉም ለምን አያበሩም? ተራው አረር 49 ግራም ፈንጂ ሲይዝ የሚያበራው 11.5 ግራም ብቻ ነው፤ ቀሪውን ቦታ የሚነደው ቅመም ይወስደዋል።

መልስ፦ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ አደጋ አለ። እንደ አሜሪካው ብረት ለበስ ብራድሌይ 25 ሚሊሜትር ጥይት ኤም791 ያለው ብረት በሺ ቀጭን አንኳሩን የሚያቅፍ ልባስ አለው። አፈሙዙን እንደለቀቀ ልባሱ ተገንጥሎ ወደ ፊትና ወደ ጎን ይበተናል። አንኳሩ በሰከንድ 1,345 ሜትር ገደማ ስለሚወጣ ስብርባሪውም ሰው ይጎዳል። ከተሽከርካሪው ፊት የወገን እግረኛ ካለ መተኮስ የለበትም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ትንሽ ድሮን ላይስ?

መልስ፦ እዚያ ላይ ተራ ፈንጂ ይቸገራል፤ ካልነካ አይፈነዳም። የዙ-23 አረር ከ5 እስከ 11 ሰከንድ ባለው ጊዜ በራሱ የሚፈነዳው ወደ መሬት ተመልሶ ሰው እንዳይጎዳ ነው፣ ኢላማ ለመምታት አይደለም። የ35 ሚሊሜትሩ አሄድ ጥይት ግን 152 የተንግስተን ፍሬ ይዞ ከኢላማው ፊት ይበትናል። አፈሙዙ ላይ ሦስት የሽቦ ጥቅልሎች አሉ፤ ሁለቱ የእያንዳንዱን አረር ፍጥነት ይለካሉ፣ ሦስተኛው የመፈንጃ ሰዓቱን ይሞላለታል። መለኪያው ትርፍ ነገር እንዳይመስልህ፦ የባሩዱ ሙቀትና የአፈሙዙ መበላት ፍጥነቱን በሰከንድ 20 ሜትር ቢያዛቡት፣ ከሁለት ሰከንድ በረራ በኋላ አረሩ ከታሰበው ቦታ 40 ሜትር ያህል ርቆ ይፈነዳል።