ሳይቱ «ሎክድ» ይላል፣ አፕሊንኩ ግን ይረበሻል፤ ታይሚንጉን ከመሬት እንዴት እንለካ?

ሐይቅ_ዳር_አርኤፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ሁለት የ5ጂ ቲዲዲ (መላክና መቀበልን በአንድ ፍሪኩዌንሲ በየተራ የሚያደርጉ) ሳይቶች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሠራሉ። ሁለቱም «ሎክድ» (ሰዓታቸው ከምንጩ ጋር ተያይዟል የሚል ምልክት) ናቸው፣ አላርም የለም። የሳይት ሀ የአፕሊንክ (ከስልክ ወደ ታወር የሚመጣው) ኖይዝ ግን ከፍ ብሏል፤ ሳይት ለ ሲጠፋ ወዲያው ይወርዳል። ጂፒኤስና የ5ጂ ዲሞዱሌሽን ያለው የእጅ ስፔክትረም አናላይዘር አለ። ታወር ሳይወጣ፣ አገልግሎት ሳይቋረጥ የሰዓት ስሕተቱን መለካት ይቻላል? ከሐይቁ ነጥሮ የሚመጣው ሞገድስ ልኬቱን አያበላሽም?

ሰዓት_ልኬት፦
ይቻላል። ወሰኑን ያዝ፦ እያንዳንዱ ሳይት ከጋራው ሰዓት ከ±1.5 ማይክሮ ሰከንድ መውጣት የለበትም፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከ3 መብለጥ የለበትም።

የጂፒኤስ አንቴናውን መኪና ውስጥ አትተወው፣ ጣሪያ ላይ አውጣው። አናላይዘሩን ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቅ። ስክሪኑ ጂፒኤስ ያዝኩ ማለቱ ያለበትን ቦታ ማወቁን ብቻ ነው የሚነግርህ፤ የውስጡ ኦሲሌተር ሞቆ እስኪረጋ የምታነበው ቁጥር ይንሸራተታል። የአንቴናውን ኬብልም አስገባ፣ በሜትር ከ4 እስከ 5 ናኖ ሰከንድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። የሚገባው የካሪየሩ መሐል ሳይሆን የኤስኤስቢው (ታወሩ ራሱን ለማስታወቅ በየጊዜው የሚልከው ምልክት) ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ፒሲአይውንም (የሴሉን መለያ ቁጥር) ከሳይቱ ፋይል ጋር አመሳክር፣ አለዚያ የሌላ ታወር ሴክተር ለክተህ ትመለሳለህ። መሣሪያው የሚያሳይህ የ10 ሚሊ ሰከንዱ ፍሬም መጀመሪያ ከጂፒኤስ ሰከንድ ምት ምን ያህል እንደዘገየ ነው። ከዚያ ላይ የርቀቱን ቀንስ፦ 300 ሜትር 1 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ርቀቱ በኮኦርዲኔት የተሰላ ቀጥታ መስመር ይሁን፣ የመንገዱን አትውሰድ።

ቢቻል ሁለቱንም ሳይቶች ከአንድ ቦታ ለካ። የመሣሪያህ ስሕተት ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚገባ ሲቀናነስ ይጠፋል።

ሞገድ_ተከታይ፦
በሐይቁ አትስጋ። አንቴናው 30 ሜትር፣ መለኪያህ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው 2 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ፣ ከውኃው የነጠረው ሞገድ ከቀጥታው የሚረዝመው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 0.2 ናኖ ሰከንድ መሆኑ ነው። ጉልበቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ሰዓቱን አይነካም።

ፍራው የምልህ የታቦርን ተራራ ነው። ታወሩ በሕንፃ ተከልሎ ከተራራው የነጠረው ብቻ ከደረሰህና መንገዱ በ600 ሜትር ከረዘመ፣ የሌለ 2 ማይክሮ ሰከንድ ታነባለህ። ስለዚህ አንቴናው በዓይን የሚታይበት ቦታ ፈልግ፤ ሦስት ቦታ ለክተህ ርቀቱን ስትቀንስ ካልተስማሙ ትንሹን እመን፤ የነጠረ ሞገድ ይዘገያል እንጂ አይቀድምም። ታቦር ላይ ወጥቶ ከተማውን በሙሉ መለካት ያጓጓል፣ ነገር ግን እዚያ የሁሉም ሳይት ኤስኤስቢ ተደራርቦ ስለሚደርስህ ያለ ዳይሬክሽናል አንቴና አይሞከርም።

ደግሞ በሚሊ ሰከንድ የሚቆጠር ልዩነት ብታይ አትደንግጥ። ከኤልቲኢ ጋር እንዲገጥም ሆን ተብሎ የተሰጠ የፍሬም ኦፍሴት ሊሆን ስለሚችል ፕላኒንግ ክፍልን ጠይቅ።

ሐይቅ_ዳር_አርኤፍ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱም ከሚታዩበት አንድ ቦታ ተለካ። ሀ፦ 450 ሜትር፣ ንባቡ 1.7። ለ፦ 900 ሜትር፣ ንባቡ 8.3። ርቀቱ ሲቀነስ 0.2 እና 5.3 ማይክሮ ሰከንድ ይቀራል። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሳይት ለ ንባብ አልተንቀሳቀሰም። ሳይት ለ ሰዓቱን በፋይበር በፒቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ መልእክት የሚያደርስ ፕሮቶኮል) ነው የሚያገኘው።

ፋይበር_ትራንስሚሽን፦
ያለመንቀሳቀሱ ነው ትልቁ ፍንጭ። ሳይቱ ምንጩን አጥቶ በራሱ ኦሲሌተር እየሄደ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ያዘነብል ነበር፤ ከቢሊዮን 1 የምታህል መዛነፍ በሰዓት 3.6 ማይክሮ ሰከንድ ትሆናለች። ፒቲፒ የማያውቅ ስዊች መሐል ቢኖር ደግሞ ከትራፊኩ ጋር ይዋዥቅ ነበር። እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቆም ስሕተት የመሄጃና የመመለሻ መንገድ አለመተካከል ነው።

ፒቲፒ የደርሶ መልሱን ጊዜ ለሁለት ይከፍላል፣ ስለዚህ ስሕተቱ የልዩነቱ ግማሽ ነው። 5.3 ለማምጣት ልዩነቱ 10.6 መሆን አለበት፤ ፋይበር ላይ በሜትር 5 ናኖ ሰከንድ ብትይዝ 2.1 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሪንጉ ላይ አንዱ ኮር በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል ዞሮ እንደሆነ፣ በተለይ ከፋይበር ጥገና በኋላ፣ በኦቲዲአር (የፋይበር መለኪያ መሣሪያ) የሁለቱንም ኮር ርዝመት ለካ። ፒቲፒ ይህን ልዩነት በራሱ ማየት አይችልም፤ «ሎክድ» የሚለውም ለዚህ ነው።

መንገዱን ማስተካከል ካልተቻለ የአሲሜትሪ ማካካሻ አስገባ፣ ምልክቱን ግን ተጠንቀቅ፤ ፕላሱን በማይነስ ከለወጥክ ስሕተቱ 10.6 ይሆናል። መስመሩ በተቀየረ ቁጥርም ማካካሻው ዋጋ ያጣል። በእኔ ግምት ሳይቱ ላይ ጂፒኤስ መትከል ይሻላል።

ሰዓት_ልኬት፦
በዚህ እስማማለሁ፣ ነገር ግን 5.3 ማይክሮ ሰከንድ ከወሰን ቢያልፍም ኖይዙን ብቻውን አያስረዳም። በ30 ኪሎኸርዝ የ2 ሲምቦል ጋርድ ፔሬድ (ከመላክ ወደ መቀበል ሲዞር የሚተው ባዶ ጊዜ) 71 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ስለሆነ ይህን ይሸከማል። የሁለቱ ሳይቶች የዳውንሊንክና የአፕሊንክ ስሎት (የጊዜ ክፍል) ድልድል አንድ መሆኑን ኮንፊጉ ላይ አይተሃል? አናላይዘሩን ዜሮ ስፓን (አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቆሞ ጉልበቱን በጊዜ የሚያሳይበት) ላይ አድርገህ፣ በጂፒኤስ ምት ትሪገር አድርገው፣ ስዊፑን 10 ሚሊ ሰከንድ አድርግ። ሳይት ለ ሥር፣ ስልኮች በራቁበት ቦታ ቆመህ፣ ሳይት ሀ አፕሊንክ በሚቀበልበት ስሎት ላይ ሳይት ለ ሙሉ ስሎት ሲያስተላልፍ ካየህ ችግሩ ድልድሉ ነው፤ ፋይበሩን ብታስተካክልም ኖይዙ አይወርድም።