የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ፉትቦል መጫወት ይፈልጋል፣ 9ኛ ክፍሉ ግን ተበላሽቶበታል፣ ምን ላድርግ?

የዳላሷ አክስት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማወራው ስለኛ ኳስ ሳይሆን ስለ አሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፣ ሄልሜት አጥልቀው ስለሚጋጩበት። የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው፣ 11ኛ ክፍልን ሊጨርስ ወር ምናምን ቀርቶታል። አባቱ አገር ቤት ገና ህፃን እያለ ነው የሞተው፣ በ10 ዓመቱ ከናቱ ጋር በዲቪ መጡ፣ እህቴ ደግሞ እሱ 8ኛ ክፍል እያለ በ14 ዓመቱ በካንሰር አረፈችብን፣ ከዛ ጀምሮ እኔ ጋ ነው። በዛው ሰሞን እኔም ከስራ ተቀነስኩ፣ ኪራይ አቃተኝ፣ ስድስት ሳምንት መኪና ውስጥ አደርን፣ በኋላ የቤተክርስቲያን ሰዎች አንድ ክፍል ለቀውልን እዛ ከረምን። 9ኛ ክፍልን ሁለት ትምህርት ቤት ተቀያይሮ ነው የጨረሰው፣ አልጀብራና ባዮሎጂ ወደቀ። አንድ ሌሊት በመኪናው የውስጥ መብራት የባዮሎጂ ወርክሺት ሲሰራ እንቅልፍ ጣለው፣ መብራቱ ሲበራ አድሮ ጠዋት ባትሪው ሞቶ አገኘነው፣ እሱ ከትምህርት ቤት እኔ ከኢንተርቪው ቀረን፣ እና ልጁ ቀኑን ሙሉ "አክስቴ ይቅርታ አድርጊልኝ" ሲለኝ ዋለ፣ ይሄ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

10ኛ ክፍል አንድ ኮች ሲሮጥ አይቶት ፉትቦል አስገባው። አሁን ቫርሲቲ (የትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን) ነው፣ ኮርነርባክ የሚሉትን የተከላካይ ቦታ ይጫወታል። ማታ ከልምምድ ሲመጣ ልብሱን በእጁ አጥቦ የሻወሩ ዘንግ ላይ ይሰቅላል፣ የጫማው ጎን ተቀዶ በፕላስተር ጠቅልሎት ነው ሜዳ የሚገባው፣ አዲስ ግዢልኝ ብሎኝ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ኮቹ ጠርቶኝ "ይሄ ልጅ ኮሌጅ መጫወት ይችላል" አለኝ። እኔ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም። የ9ኛ ክፍሉ ውጤት ይዘጋበታል ወይ? ቪዲዮውን ለኮሌጆች እንልክልሻለን የሚሉ ሰዎች 2 ሺህ ዶላር ጠይቀውኛል፣ ልክፈል? ጭንቅላቱንስ ቢመታብኝ? የምታውቁ በናታችሁ ንገሩኝ።

የሁለት ወንዶች አባት፦

እህቴ መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። 2 ሺህ ዶላሩን እንዳትከፍዪ። እኔ ለትልቁ ልጄ ከዛ በላይ ከፍያለሁ፣ የሰሩት ነገር ቢኖር ለመቶ ምናምን ኮሌጅ አንድ ዓይነት ኢሜይል በጅምላ መላክ ነው፣ አንድም ኮች አልመለሰም። በኋላ ልጁ ራሱ ሀድል የሚባል የስፖርት ቪዲዮ ድረገጽ ላይ ቪዲዮውን ቆራርጦ ጫነ፣ ከየኮሌጁ ዌብሳይት የሚመለከተውን ኮች እየፈለገ ራሱ ጻፈ፣ መልስ መምጣት የጀመረው ያኔ ነው። ያንቺም ልጅ ምርጥ ምርጦቹን ቪዲዮዎች መጀመሪያ ያድርጋቸው፣ እስከ መጨረሻው የሚያይ ኮች ጥቂት ነው። የቡፋሎው ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው) ጆሽ አለን ፋየርባው ከምትባል የካሊፎርኒያ የእርሻ ከተማ ነው የወጣው፣ ከሃይስኩል ሲጨርስ ማንም ስላልፈለገው ሪድሊ የሚባል ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ከዛ በመላው አገር ላሉ ኮቾች ኢሜይል ሲልክ ከርሞ በመጨረሻ ዋዮሚንግ ወሰደው፣ በ2018 ለፕሮፌሽናሉ ሊግ ለኤንኤፍኤል በመጀመሪያው ዙር ተመረጠ፣ በ2024 ሲዝን ኤምቪፒ (የሊጉ ምርጥ ተጫዋች) ሆነ። ሁሉም ልጅ እንደሱ ይሆናል እያልኩሽ አይደለም፣ ኢሜይል ነፃ ነው ለማለት ነው። በጣም ትልቅ ስም ካላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጣ የካምፕ ጥሪም አያስደስትሽ፣ ብዙ ጊዜ ለሺ ልጅ የሚላክ ነው፣ የምትከፍዪውም አንቺ ነሽ።

ግን ቪዲዮውን ተዪውና ትራንስክሪፕቱን (የሃይስኩል ውጤት ዝርዝሩን) ያዢ። የኮሌጅ ስፖርቱን የሚመራው ኤንሲኤኤ የሚባል ድርጅት ነው፣ በላይኛው ደረጃ በዲቪዥን 1 ለመጫወት 16 ኮር ኮርስ (እሱ የሚቆጥራቸው ዋና ዋና ትምህርቶች) ያስፈልጋል፣ እንግሊዝኛ 4 ዓመት፣ ሂሳብ ከአልጀብራ 1 ጀምሮ 3 ዓመት፣ ሳይንስ 2፣ ሶሻል 2፣ ሌላው ተጨማሪ። የነዚህ ጂፒኤ (ከ4 የሚሰላው አማካይ ውጤት) ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት፣ ለዲቪዥን 2 ደግሞ 2.2። ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ2023 ጀምሮ ኤንሲኤኤ አይጠይቅም፣ ኮሌጁ ለራሱ ሊጠይቅ ይችላል። አሁን ደግሞ የሚያስቸኩልሽን ልንገርሽ፣ ለዲቪዥን 1 ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ ሂሳብና ሳይንስ ናቸው፣ 12ኛ ከጀመረ በኋላ እነዚያን ደግሞ ወስዶ ውጤት ማሻሻል የለም። ስለዚህ አልጀብራውንና ባዮሎጂውን ደግሞ ወስዶ ካለፈ ጥሩው ውጤት ነው የሚያዝለት፣ ካልወሰደ ይሄ ሰመር የመጨረሻው ነው። ኦንላይን በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ክሬዲት ሪከቨሪ (የወደቀውን ትምህርት ማካካሻ) ውስጥ እንዳያስገቡት ተጠንቀቂ፣ ትምህርት ቤቱ ለምረቃ ይቆጥርለታል፣ ኤንሲኤኤ ግን ላይቀበለው ይችላል፣ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ የሚሰጡ) ክላሶችም ሁሉም አይቆጠሩም። እያንዳንዱ ሃይስኩል የተፈቀደለት የኮርስ ዝርዝር ኤንሲኤኤ ድረገጽ ላይ አለ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሯ ፊት ቁጭ ብለሽ አንድ በአንድ አስመሳክሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ወላጅ ያታልላል፣ እዚህ ቴክሳስ "ኖ ፓስ ኖ ፕሌይ" የሚባል ሕግ አለ፣ ከ1984 ጀምሮ ነው፣ ከ70 በታች ያመጣ አይጫወትም። ልጁ አርብ አርብ ሜዳ ላይ ከታየ ትምህርቱ ደህና ነው ብለን እንተኛለን፣ ሁሉንም በ70 ያለፈ ልጅ ግን 2.3 አይሞላም። እኔ ይሄን ያወቅኩት የልጄ 12ኛ ክፍል ከተጋመሰ በኋላ ነው።

ከጁኮ የመጣሁ፦

እህቴ የጻፍሽውን አንብቤ ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ እኔም በ16 ዓመቴ ከወንድሜ ጋር መኪና ውስጥ አድሬያለሁ፣ ሌሊት መስኮቱ ከውስጥ በትንፋሽ ላብ ሲያወጣ በእጅጌዬ እየጠረግኩ ነበር ሰው መጣ አልመጣ የማየው። ያኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ፣ ከ1987 ጀምሮ ማኪኒ ቬንቶ የሚባል የፌደራል ሕግ አለ፣ ቤት የሌለው ተማሪ የነበረበት ትምህርት ቤት የመቀጠል መብት አለው፣ ዲስትሪክቱ ትራንስፖርት ይሰጠዋል፣ ወረቀት ባይሟላም ወዲያው ይመዘገባል። መኪና ውስጥ ማደር ብቻ ሳይሆን ቤት አጥቶ የሰው ቤት ተጠግቶ መኖርም ይቆጠራል፣ ማለትም ያ የሰጧችሁ ክፍልም ጭምር። ለዚህ የተመደበ ሰው በየዲስትሪክቱ አለ። ያለፈው አልፏል፣ ያን ጊዜ ግን በጽሑፍ ያስፍሩልሽ፣ ውጤቱ ለምን እንደወደቀ ኮሌጅ ሲጠይቅ ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ልጁ ታሪክ። የኔ ኮች ሳይጠይቀኝ ለአካባቢው ጋዜጠኛ መኪና ውስጥ እንዳደርኩ ነገረው፣ ለበጎ ብሎ ነው አውቃለሁ፣ በማግስቱ ግን ሎከር ሩም ስገባ ሁሉም ዝም አለ፣ ልጆቹ ምሳቸውን ያካፍሉኝ ጀመር፣ እኔ ደግሞ ያንን መቀበል አቃተኝና ለሁለት ሳምንት ልምምድ ቀረሁ። እስከዛ ቀን ሜዳ ላይ ሴፍቲ (የኋላ ተከላካይ) ነበርኩ፣ ከዛ በኋላ የመኪናው ልጅ ሆንኩ። ስለዚህ በናትሽ እሱ ራሱ ካልፈቀደ ለማንም አትንገሪ፣ ኮቹንም አስጠንቅቂው። መናገር ከፈለገ በራሱ ቃል ለኮሌጁ ይጻፈው። ለኮሌጅ ተጫዋች የሚመለምል ኮች እግሩን፣ ቁመቱንና ትራንስክሪፕቱን ነው የሚያየው፣ ልቡ ቢነካም በሀዘኔታ ቦታ አይሰጠውም። የኤንኤፍኤሉ ተጫዋች ጆሽ ጃኮብስ ታልሳ ኦክላሆማ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር መኪና ውስጥ ያደረ ነው፣ እንዲያም ሆኖ ሃይስኩል ሊጨርስ እስኪል ትልልቆቹ ኮሌጆች ዞር ብለው አላዩትም ነበር፣ አላባማ ዩኒቨርሲቲ የወሰደው ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ነው፣ በ2019 በመጀመሪያው ዙር ለኤንኤፍኤል ተመረጠ።

ኮር ኮርሱ ባይሞላ ደግሞ ዓለም አላለቀችም፣ ጁኮ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) አለ፣ ቴክሳስ ውስጥ ብሊን፣ ታይለር፣ ኪልጎር፣ ናቫሮ ሁሉም ፉትቦል አላቸው። ኳርተርባኩ ካም ኒውተን በ2009 ብሊን ነበር፣ በዓመቱ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሃይዝማን የሚባለውን የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ወሰደ። እኔ ሁለት ዓመት ጁኮ ከዛ ዲቪዥን 2 ተጫውቼ በቢዝነስ ተመረቅኩ። ጁኮ ቀላል ነው እንዳልልሽ፣ እሁድ ማታ ካፌው ዝግ ስለነበር ቅዳሜ ዳቦና ሙዝ ቦርሳዬ ውስጥ እደብቅ ነበር።

ነርስ ነኝ፦

ስለ ጭንቅላቱ የጠየቅሽውን ማንም አልመለሰልሽም። ፍርሃትሽ ትክክል ነው፣ ለዓመታት የተደጋገመ ምት ጉዳት እንዳለው የታወቀ ነው፣ ምንም አይሆንም የሚልሽን አትስሚ። ቴክሳስ ከ2011 ጀምሮ ሕግ አላት፣ ኮንከሽን (በምት የሚመጣ የአንጎል ጉዳት) የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፣ ሐኪም በጽሑፍ ሳይፈቅድ አይመለስም። ችግሩ ልጆቹ ይደብቃሉ፣ በተለይ እንዳንቺ ልጅ ዕድሌ ይህች ብቻ ናት ብሎ የሚያስብ። ምልክቶቹን አስተምሪው፣ ራስ ምታት፣ ብርሃን ሲያስጠላው፣ ያነበበው አልገባ ሲለው፣ ማቅለሽለሽ። "ብትነግረኝ አልቆጣህም፣ ፉትቦሉንም አላስተውህም" በዪውና ቃልሽን ጠብቂ። ያ የተቀደደ ጫማም ቁርጭምጭሚቱን ያጣምምበታል፣ ለኮቹ ለብቻ ንገሪው፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለዚህ መላ አላቸው።

ፋይናንሻል ኤይድ የምሰራ፦

ገንዘቡን በተመለከተ። ፉትቦል ስኮላርሺፕ ብቻ አትጠብቂ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ልጅ ሃይስኩል ይጫወታል፣ ኤንሲኤኤ የሚደርሰው ከመቶ 7 ገደማ ነው፣ ከነሱም ሙሉ የሚከፈለው ጥቂቱ ነው። ከ2025 ጀምሮ ዲቪዥን 1 ላይ አዲሱን ደንብ የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ቀርቶ የቡድን ብዛት ገደብ መጥቷል፣ ለፉትቦል 105 ልጅ፣ በዛ ላይ ኮቾቹ ከትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ከሚመዘገቡበት) ያደገ ተጫዋች መውሰድ ስለሚመርጡ ለሃይስኩል ልጅ ጠቧል። በቃል የተሰጠ ኦፈር እስኪፈረም ድረስ ማንንም አያስርም።

የልጁ ሁኔታ ግን ፋፍሳ (የመንግሥት የኮሌጅ እርዳታ መጠየቂያ ፎርም) ላይ በጣም ይረዳዋል። 13 ዓመት ከሞላው በኋላ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት ያልነበሩ ተማሪ ኢንዲፔንደንት (ራሱን የቻለ) ነው የሚባለው፣ ያንቺ ገቢ አይጠየቅም፣ አሳዳጊው ብትሆኚም በሕግ ጉዲፈቻ ካላደረግሽው እንደ ወላጅ አትቆጠሪም። ፎርሙ ላይ ራስሽን ወላጅ ብለሽ እንዳትሞዪ፣ የኛ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግሪን ካርድ ስላለው ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት እርዳታ ይገባዋል፣ ከፍተኛው በዓመት 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። የሁለቱንም የሞት ማስረጃ ካሁኑ አዘጋጂ፣ የአባቱ ከአገር ቤት እስኪመጣና እስኪተረጎም ጊዜ ይወስዳል። ዲቪዥን 3ንም አትናቂ፣ ለፉትቦል ብለው ገንዘብ አይሰጡም፣ በችግርና በትምህርት ግን ይሰጣሉ፣ ሳን አንቶኒዮ ያለው ትሪኒቲ፣ አቢሊን ያለው ሃርዲን ሲመንስ እንዲህ ናቸው። የኤንሲኤኤው ምዝገባም ከ100 ዶላር ትንሽ በለጥ ይላል፣ ነፃ ምሳ የሚበላ ልጅ ግን ዌቨር (ከክፍያው ነፃ መሆን) ይገባዋል፣ ሳትከፍዪ በፊት ካውንስለሯን ጠይቂ።

የዳላሷ አክስት፦

እናንተ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ዛሬ ከስራ አስፈቅጄ ካውንስለሯ ጋ ሄድኩ። አልጀብራውን 10ኛ ክፍል ደግሞ ወስዶ አልፏል፣ 81 አለው። ባዮሎጂው ግን የተሞላው በዛ በኦንላይን ክሬዲት ሪከቨሪ ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ስንፈልገው የለም። ካውንስለሯ ራሷ ደነገጠች። እንዳለ ስንቆጥር 10ሩ ሊሞላ አንድ ሳይንስ ነው የጎደለው፣ ሰመር ስኩል ላይ የተፈቀደ ባዮሎጂ አግኝታ አስመዘገበችው፣ ሰኔ ይጀምራል። ጂፒኤውን በእጅ ስናሰላው 2.6 መጣ። ዌቨሩም አለው። የመኪናውን ነገር ኮቹ እንደማያውቅ ልጁ ራሱ ነገረኝ፣ እንዳይሰማም ይፈልጋል፣ ስለዚህ አልነገርኩም። ጫማውን ግን ነግሬዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ሰመር ስኩሉ ጠዋት ከ8 ሰዓት እስከ 12 ነው በነሱ አቆጣጠር፣ የቡድኑ ዌይት ሩም (የክብደት ልምምድ) ደግሞ ከ7 እስከ 9። ቢቀር ቦታውን ይነጥቁታል ብሎ እንቅልፍ አጥቷል።

የሁለት ወንዶች አባት፦

ዛሬውኑ ሄዶ ለኮቹ ራሱ ይንገረው፣ አንቺ አትደውዪ። "ለኮር ኮርስ ነው" ይበለው፣ ይቺን ቃል የማያውቅ የቴክሳስ ኮች የለም። የኔን ልጅ ከሰዓት 1 ሰዓት ላይ ከጁኒየር ቫርሲቲዎቹ (ከሁለተኛው ቡድን) ጋር ነበር ያሰሩት፣ ማንም ቦታውን አልወሰደበትም።