የጋራ ዕቃ ግዢ ረቂቅ፦ አቅራቢ ምርጫና የማራገፊያው ጉዳይ (የጅማ ክሊኒኮች ውይይት፤ ተናጋሪዎቹ በክሊኒካቸው ሰፈር ስም ተጠርተዋል)

ጊንጆ፦
ረቂቁ ይኸው። 7 ክሊኒኮች ኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ማምከኛ) እና የኬሚስትሪ ማሽን (የደም መመርመሪያ) ከአንድ አቅራቢ እንገዛለን። ሦስት ፕሮፎርማ ይዣለሁ። ርካሹ 2ኛው ነው፤ ግን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የምዝገባ ወረቀት ጠይቄ እስካሁን አላመጡም። በዋጋ ብቻ አንምረጥ። አምና የማሽኔ አምፖል ሲቃጠል 6 ሳምንት ሙሉ ታካሚ ወደ ሰው ላብራቶሪ እየላክሁ ከርሜያለሁ። ሻጩ ስልክ የሚያነሳው ብሩ እስኪገባለት ድረስ ነበር። ስለዚህ ውሉ ላይ ይግባ፦ ቴክኒሺያን በ72 ሰዓት ጅማ ይድረስ። ዋስትናው ማሽኑ ከተተከለበት ቀን ይቆጠር። ማሽኑ የሌላ ኩባንያ ሪኤጀንትም (የመመርመሪያ ኬሚካል) ይቀበል። ዕቃው ሂርማታ ዶክተር ግቢ ይራገፋል።

ቦሳ ቂጦ፦
ሂርማታ ለምን?

ሂርማታ፦
ግቢዬ አይሱዙ ያስገባል።

ቦሳ ቂጦ፦
የኔም ያስገባል። ባለፈው ጓንት በጋራ ስንገዛም እርስዎ ጋ ነው የተራገፈው። የኔ ድርሻ 4 ካርቶን ጎድሎ ነው የደረሰኝ።

ሂርማታ፦
በ22 ዓመት ሥራዬ የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም። ያኔ ቆጥረህ ፈርመህ ነው የወሰድከው። ወረቀቱ አለ።

ቦሳ ቂጦ፦
የፈረመው ጥበቃዬ ነው። እሱ ደግሞ አይቆጥርም።

ኮቺ፦
ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ እያስተማረ ለአንድ ፊውዝ ከአዲስ አበባ ሰው እንጠብቃለን። ከተመረቁት ልጆች አንዱን በጋራ ብንቀጥርስ? ደሞዙ ለ7 ሲካፈል አይከብድም።

ቦሳ ቂጦ፦
ሲስተር፣ እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ማራገፊያው ይወሰን።

ጊንጆ፦
አዲስ አበባ አቅራቢዎቹ ጋ ሄዶ ማሽኖቹ ሲሠሩ የሚያይ ሰው እፈልጋለሁ።

ፈረንጅ አራዳ፦
እኔ አለሁ። ረቡዕ እወጣለሁ። ሦስቱንም አይቼ ቪዲዮ እልካለሁ።

ሂርማታ፦
ይቅርታ ካልተጠየቅሁ ከግዢው ወጥቻለሁ። ያስገባሁት ብር ይመለስልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
እርስዎ ከወጡ 6 እንሆናለን። ቅናሹ የተሰጠን ለ7 ነው። ፕሮፎርማው የሚጸናው ለ15 ቀን ብቻ ነው፤ 9ኙ በማራገፊያ አልቋል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ ለመጨመር ማንም ወር አይጠብቅም።

ቦሳ ቂጦ፦
ሌባ አላልኩም። ካርቶን ጎደለ ነው ያልኩት። ዶክተርን እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማያቸው። ከከፋዎት ይቅርታ።

ሂርማታ፦
እሺ። ግን እኔ ጋ አይራገፍም።

አጂፕ፦
ኦቶክሌቭ ዝናብ ካልነካው የትም ይራገፍ። ስለ ሪኤጀንቱ ማን አሰበ? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ከአዲስ አበባ እዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመንገዱ ያለውን የጊቤ ሸለቆ ሙቀት ታውቁታላችሁ። ባለፈው በአውቶቡስ የመጣልኝን ካርቶን ስከፍት በረዶው ውሃ ሆኗል። የጠርሙሶቹ ወረቀት ረጥቦ በጣቴ ይላጥ ነበር። ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና) ሳሠራ የግሉኮሱ ውጤት ከገደብ ወጣ። ሙሉውን ጣልኩት። በዚያ ውጤት የስኳር መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው አለ እኮ!

ኮቺ፦
እኔ ጋ መብራት ሄዶ ያደረ ቀን እንዲሁ ሆኗል።

ቦሳ ቂጦ፦
እንግዲያው መሀል ላይ አንድ ክፍል እንከራይ። ትልቅ ፍሪጅና ጄኔሬተር እናስገባ። የማራገፊያው ነገርም በዚያው ያልቃል።

ሂርማታ፦
በዚህ እስማማለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ከየትኛው ብር? የተዋጣው ለማሽን ነው።

አጂፕ፦
የኬሚስትሪ ማሽኑ ይቆይ። አሮጌውም ቢሆን ደህና ሪኤጀንት ካገኘ ይሠራል።

ጊንጆ፦
ፈረንጅ አራዳ፣ ቪዲዮው የታለ? ረቡዕ ካለፈ ሳምንት ሆነው።

ጊንጆ፦
ስልክህም አይነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦
የተስተካከለው ረቂቅ፦ መጋዘን ኪራይ፣ ፍሪጅ፣ ጄኔሬተር፣ ሪኤጀንት በጋራ። ኦቶክሌቭ እያንዳንዱ እንደፈለገ።

ኮቺ፦
72 ሰዓቱስ የት ገባ? የጋራ ቴክኒሺያኑስ?

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ ኦቶክሌቭ ለሚገዛ ሰው ማን 72 ሰዓት ይፈርምለታል? ለቴክኒሺያን የተረፈ ብር የለም።

ጊንጆ፦
ይህን ሁሉ የጀመርኩት ለአቅራቢው ነበር። የኔ ኦቶክሌቭ የበሩ ጎማ ካለቀ ቆይቷል። እንፋሎቱ በጎን ሲወጣ ይሰማል፤ ለማምከን የሚያስፈልገው 121 ዲግሪ ላይ አይደርስም። ዛሬ ቁስል የሚሰፋላቸው ሁለት ታካሚዎች መልሻለሁ፤ ንጹህ መሆኑን ባላረጋገጥኩት መርፌ ሰው አልሰፋም። ነገ ለ3ኛው አቅራቢ ለብቻዬ ቅድመ ክፍያ እልካለሁ። አብሮኝ የሚገዛ እስከ ማታ ይደውልልኝ።

ቦሳ ቂጦ፦
እኔ ካንተ ጋ ነኝ። የት ነው የሚራገፈው?