ጃማይካ፣ አኮምፖንግ የምትባል መንደር የሄደ ሰው አለ?

የቁስቋሙ አስጎብኚ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። አምና ጡረታ የወጡ አንዲት ጃማይካዊት መምህር ይዤ ቁስቋም ወጣን። እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ስለነገሡበት ዘመን ስነግራቸው ቆም አሉ። «በዚያው ዘመን እኮ የእኔ ቅድመ አያቶች እንግሊዝን ተዋግተው ውል አስገቡት» አሉኝ። በፈረንጆች 1739 ማለታቸው ነው።

ማሩን ናቸው። ከባርነት አምልጠው ተራራ የገቡ ሰዎች ዘር። መሪያቸው ኩጆ ነበር፤ መንደራቸው አኮምፖንግ በወንድሙ ስም ነው የምትጠራው። በየዓመቱ ጃንዋሪ 6 የኩጆን ልደት ያከብራሉ፤ ለእኛ የገና ዋዜማ መሆኑ ነው። «ናና እየው» ብለውኛል።

ከአገር ወጥቼ አላውቅም። እንዴት ይደረሳል? ገሃድ ነውና ምን እበላለሁ? ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ እንግድነቱ ነው። እናቶች ጸሎት ላይ እያሉ ካሜራ ፊታቸው ላይ የሚደቅን እንግዳ አይቼ ስንቴ አንጀቴ አርሯል። እኔ ሰው አገር ሄጄ እንደዚያ እንዳልሆን ምከሩኝ።

ጎንደሬዋ
ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። ጃማይካ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ለዚህ በዓልም ሁለቴ ወጥቻለሁ።

በአሜሪካ በኩል ከሆነ የምትሄደው ለማለፍ ብቻም ቪዛ ያስፈልግሃል፤ ትኬት ሳትቆርጥ ይህን ጨርስ። ሞንቴጎ ቤይ ውረድ። ቱሪስቱ ባሕር ዳር ይቀራል፤ አንተ ወደ ሴንት ኤሊዛቤት ተራሮች ትወጣለህ። ቀይ ታርጋ ያላቸው ታክሲዎች እንደ እኛ ሚኒባስ መስመር አላቸው። መኪና የሚነዳው በግራ ነው፣ መንገድ ስትሻገር አደራ! ማጎቲ ከምትባለው ከተማ ወዲያ ያለው ዳገት ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። በዓሉ ዕለት መኪና ስለሚበዛ አንድ ቀን ቀደም ብለህ ግባ።

ጠዋት አቤንግ ይነፋል። የላም ቀንድ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከኮረብታ ኮረብታ መልእክት ያስተላልፉበት ነበር። መጀመሪያ ስሰማው ሰውነቴን ወረረኝ። ከዚያ ኪንዳ የሚሉት የማንጎ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። ስሙ «አንድ ቤተሰብ ነን» ማለት ነው። ጨው የሌለው የአሳማ ሥጋ ይቀርባል። አንተ «ጾም ላይ ነኝ» በል፣ ማንም አይቀየምህም። «አይታል» ብለህ ጠይቅ፤ የራስታዎች ምግብ ነው፣ ሥጋ የለበትም። አኪ የሚሉትን ፍሬ ግን ከዛፍ ቀጥፈህ እንዳትቀምስ፤ በራሱ ሳይከፈት መርዝ ነው።

ካሜራህን ከረጢትህ ውስጥ ተወው። መሪያቸውን «ኮሎኔል» ወይም «ቺፍ» ነው የሚሏቸው፤ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሄደህ ሰላም በል። ፎቶ የቱ ጋ እንደሚፈቀድ እዚያው ይነግሩሃል።

የአዘዞው አባት
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ኪንግስተን ሲያርፉ የወጣውን ሕዝብ ሰምተህ ይሆናል። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትል ክብሩ ብዙ ነው። ነገር ግን ማሩኑን ሁሉ ራስታ ነው ብለህ እንዳትይዘው። የራሳቸው ታሪክ አላቸው፣ የሚያኮራም የሚያምም። ያ ውል መሬትና ነፃነት ሲሰጣቸው፣ የሚያመልጡ ባሪያዎችን እንዲመልሱም አስገድዷቸዋል። ቀድመህ አታንሣው፤ እነሱ ካነሡት አዳምጥ።

ኪንግስተን የእኛ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለች። ገናን እዚያ ማስቀደስ ትችላለህ።

የቁስቋሙ አስጎብኚ
እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። እህቴ፣ አንቺም ኑሪልኝ። የውሉን ነገር መምህሯም ጠቆም አድርገውልኝ ነበር፤ ያኔ ስላልገባኝ ዝም ብዬ አለፍኩት።

ኪንዳ ሥር ያለውን አይቼ ከሰዓት በኋላ ወደ ኪንግስተን ልነሣ ነው፤ የሌሊቱ ቅዳሴ እንዳያመልጠኝ። እናቴ ለመምህሯ ነጠላ መፍተል ጀምራለች። «ጥበቡ ምን ዓይነት ይሁን?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔ አረንጓዴ ብያለሁ፣ ቁስቋም ላይ የለበሱት ቀሚስ አረንጓዴ ነበር።