ከ14 ዓመት ወንድሜ ጋር የምናየው አኒሜ ምረጡልን፤ እናታችንም ሳሎን ውስጥ ናት

ጥያቄ፦ ታላቅ እህት

እንደምን ሰነበታችሁ። 31 ዓመቴ ነው፤ ነርስ ነኝ። ስለ አኒሜ፣ ማለትም ስለ ጃፓን ካርቱን፣ የማውቀው ታናሽ ወንድሜ በር ዘግቶ የሚያየው፣ በውስጡም ሰዎች የሚጮሁበት ነገር መሆኑን ብቻ ነበር። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ሰኔ ላይ ፈተና ከመግባቱ በፊት «ካለፍክ ምን ልግዛልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጫማ ይላል ብዬ ስጠብቅ «ክረምቱን ከእኔ ጋር አኒሜ እይልኝ» አለኝ። ቃል ገባሁ፤ አለፈ።

እስካሁን ሁለት ሞክረናል። ናሩቶን እሱ ከደረሰበት ከ90ኛው ክፍል አስጀመረኝ፤ ማን ከማን እንደተጣላ ሳልለይ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግስቱ አታክ ኦን ታይታን ከፈተ። ገና በመጀመሪያው ክፍል አንድ ራቁቱን የሆነ ግዙፍ ፍጡር የልጁን እናት አንስቶ ሲበላ፣ እናታችን የቡናውን ረከቦት ይዛ ገባች። የተባለውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አልችልም።

ስለዚህ እርዱኝ። ቴሌቪዥናችን አንድ ነው፤ ያለውም ሳሎን ነው፤ እናቴም ከዚያ አትነሣም። የምናየው ቅዳሜና እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። መጨረሻ ያለው ይሁን፤ ክረምቱ ሲያልቅ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ቤሩት አሥር ዓመት ሠርታ ስለነበር ዓረብኛ ግን ትሰማለች። ጩኸት ቢቀንስ ደግሞ ለእኔ ውለታ ነው።

መልስ፦ የሰሚት ልጅ

እህቴ፣ ስህተቱ ናሩቶን ከመሃል መጀመርሽ አይደለም፤ ናሩቶን መጀመርሽ ነው። እኔ እወደዋለሁ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ተመልከቺ፤ የመጀመሪያው 220 ክፍል ነው፣ ተከታዩ ሺፑደን ደግሞ 500። በቀን ሁለት ሁለት ብታዩ ዓመት ይሞላል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ጊዜ መግፊያ ነው። አኒሜው በየሳምንቱ ሲተላለፍ ማንጋውን፣ ማለትም የተወሰደበትን በሥዕል የሚነበብ መጽሐፍ፣ ይደርስበታል፤ ያኔ ደራሲው እስኪጽፍ ድረስ ስቱዲዮው ከራሱ ታሪክ እየፈጠረ ያቆያል። ከ136ኛው እስከ 219ኛው ክፍል ያለው በአብዛኛው እንዲህ የተሠራ ነው። ወንድምሽ 135 ላይ ሲደርስ 220ኛውን አይቶ በቀጥታ ወደ ሺፑደን ይግባ፤ ምንም አይቀርበትም። ያንን ግን ለብቻው ይየው።

ዋን ፒስ የሚልሽ ሰው ከመጣም አመስግነሽ እለፊ። በፈረንጆች ቆጠራ ከ1999 ጀምሮ እየታየ ነው፤ 1100 ክፍል አልፎም አላለቀም።

ለእናንተ የምለው ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ ነው። በፈረንጆች 2009 ጀምሮ በ2010 ያለቀ ነው፤ 64 ክፍል። አሁን አስቢው፦ አንዱ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ በአንድ ሰዓት ተኩል አራት ታያላችሁ። ቅዳሜ አራት፣ እሑድ አራት፣ በሳምንት ስምንት ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ስምንት ሳምንት ናቸው። ስምንት በስምንት 64። ይህን ሳሰላ እኔ ራሴ ደነገጥሁ። ተረኛ የምትሆኚበት ቅዳሜ ቢኖር ደግሞ ጳጉሜን አለችልሽ።

ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። የሞተች እናታቸውን በአልኬሚ፣ አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጥ ጥበብ፣ ለማስነሣት ይሞክራሉ፤ አልሆነም፤ ታላቁ አንድ እግሩንና አንድ እጁን ያጣል፣ ታናሹ ሙሉ አካሉን አጥቶ ነፍሱ በብረት ጥሩር ውስጥ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያጡትን ለማስመለስ የሚሄዱት መንገድ ነው። ደራሲዋ ሂሮሙ አራካዋ ሴት ናት፤ ሆካይዶ ውስጥ የወተት ላሞች ባሉበት እርሻ ያደገች። በሥራዋ ውስጥ ሰነፍ ሰው አይበረክትም። ሴቶቹም ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም፤ መካኒክ አለች፣ አነጣጣሪ ወታደር አለች፣ ተራ የቤት እመቤት ነኝ እያለች ሰው የምታንቀጠቅጥ የሥጋ ሻጭ ሚስት አለች።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አዲስ ተመልካች የሚሸሸው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ግራ ያጋባል፤ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ያስተዋውቃል፣ ማንጋው ውስጥም የለም። አትጨነቂበት። ታሪኩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ክፍል ነው። አራተኛውን ክፍል ግን ማታ አትዩት፤ ትንሽ ልጅና ውሻዋ አሉበት። ከዚህ በላይ አልናገርም።

መልስ፦ ማንጋ አንባቢ

ከሰሚት ልጅ ጋር በስሙ እስማማለሁ፣ በዓመቱ አልስማማም። የ2003ቱ ፉልሜታል አልኬሚስት 51 ክፍል ነው፤ ማንጋው ገና በመጻፍ ላይ ስለነበር ስቱዲዮ ቦንዝ ከመሃል ጀምሮ የራሱን መንገድ ይዞ የራሱን መጨረሻ ሠራ። ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ያነሡታል። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹ ሃያ ክፍሎች ከብራዘርሁድ እጅግ የተሻሉ ናቸው እላለሁ። ብራዘርሁድ «ይህንን ቀድማችሁ አይታችሁታል» ብሎ ይሮጣል። አንድ ሰው ከመሞቱ በፊት ከእኛ ጋር ምሳ ሊበላ ይገባዋል፤ በ2003ቱ ይበላል፣ በብራዘርሁድ ግን ስሙን ሳንለምደው ይቀበራል።

ደግሞ ማንም ኢቫንጌሊዮንን አለማንሣቱ ገርሞኛል። 26 ክፍል ብቻ ነው፤ ዋናው ልጅም እንደ ወንድምሽ 14 ዓመቱ ነው።

መልስ፦ የሰሚት ልጅ

ኢቫንጌሊዮንን ያላነሣሁት ስለማላከብረው አይደለም። በ1995 ሂዴአኪ አኖ ያንን ሲሠራ ብዙ ነገር ቀይሯል። ግን ወንድሜ፣ መጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ከዋናው ገጸ ባሕርይ አእምሮ ውስጥ አይወጡም፤ ምን ሆነ ለማለት የ1997ቱን ፊልም ማየት ያስፈልጋል፤ ያ ፊልም ደግሞ በምን አንጀት ከእናት ጋር ሳሎን ይታያል? ልጁ 20 ዓመት ሲሆነው ራሱ ያገኘዋል።

ስለ 2003ቱ ግን እውነት አለህ፤ የሚበላውን ምሳ እኔም ናፍቄዋለሁ። ቢሆንም ለጀማሪ ሁለት መጨረሻ ማስረዳት አድካሚ ነው። ይልቅ እህቴ፣ ከጓደኛ በፍላሽ የምትቀበሉ ከሆነ ክፍሎቹን ቁጠሩ። 51 ከሆነ የ2003ቱ ነው፣ 64 ከሆነ ብራዘርሁድ። በአንድ ፎልደር ተቀላቅለው ያየሁበት ጊዜ አለ፤ የአክስቴ ልጅ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ አይቶ ለዓመታት ታሪኩ እብደት ነው ሲል ኖሯል።

መልስ፦ ሪያድ ያደገች

ስለ እናትሽ ጉዳይ እኔ ልመልስ። እኔና እኅቶቼ ሪያድ ስናድግ በር ተዘግቶብን የምናየው ስፔስቱን የሚባለውን የዓረብኛ የካርቱን ጣቢያ ነበር፤ አዲስ አበባም በሳህን አንቴና የዓረብ ቻናል ያየ የእኔ እድሜ ሰው ያስታውሰዋል። ካፕቴን ትሱባሳ በዓረብኛው ካፕቴን ማጂድ ነበር፤ ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ሜዳው አያልቅም፤ የጎሉ ብረት ከአድማስ ማዶ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ወንድሞቻችን በዚያ ፍጥነት ሰፈር ውስጥ ሲጫወቱ እናቴ ትስቅ ነበር።

ለእናትሽ የምመርጥላቸው መርማሪ ኮናንን ነው። አንድ የታወቀ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መርዝ ተሰጥቶት ሰውነቱ ወደ ሕፃንነት ይመለሳል፤ አእምሮው ግን ያው ነው፤ ወንጀል እየፈታ ይኖራል። ከ1996 ጀምሮ አላቋረጠም፣ ክፍሉም ከሺህ በላይ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ጉዳይ በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ስለሚዘጋ ከየትም ቢጀምሩት ይሆናል። የዓረብኛውን ድምፅ ደማስቆ ያለው የዛህራ ማዕከል ነው የሠራው፤ ለቤተሰብ የማይሆነውንም ብዙውን ቆርጠው አውጥተውታል።

አንድ ችግር አለ። ዓረብኛው የመጽሐፍ ዓረብኛ ነው። ትንሽ ላጋንንና የቤሩት የወጥ ቤት ዓረብኛና የስፔስቱን ዓረብኛ እንደ አማርኛና ግዕዝ ናቸው። እናትሽ ይገባቸዋል፣ ግን «ይህ ልጅ ለምን እንደ ቃዲ ያወራል?» ሊሉ ይችላሉ። መግቢያ ዘፈኖቹን ግን አትዝለሉባቸው። ጣቢያው መግቢያዎቹን በዓረብኛ አዲስ እያስደረሰ ያስዘፍን ነበር፤ ከዘፋኞቹ አንዷ ሶርያዊቷ ራሻ ሪዝቅ ናት። እስከ ዛሬ ሳህን ሳጥብ ይመጡብኛል።

መልስ፦ የሦስት ወንዶች እናት

ልጄ፣ እኔ የአኒሜ ሰው አይደለሁም፤ በልጆቼ ምክንያት ተገድጄ ነው። ሳሎን ላይ የሚያሳፍረው ደም ብቻ እንዳይመስልሽ። ደሙን እናቶች እንችለዋለን፤ በግ አርደን ነው ያደግነው። የሚያሳፍረው በመሃል ሳይታሰብ የምትመጣው እርቃኗን የቀረች ልጅ ናት። ስለዚህ ማንም ምንም ቢልሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በስልክሽ ለብቻሽ ቀድመሽ እይ። ፉልሜታል ውስጥም ልብሷ ደረቷን የማይሸፍን አንዲት ሴት አለች፤ ሸሚዙን እየቀደደ ጡንቻውን የሚያሳይ ሻለቃም አለ፤ ባለቤቴ ግን በእሱ ሞተ በሳቅ።

ደዝ ኖትንም ልጁ ይጠይቅሻል፤ ሁሉም ይጠይቃል። 37 ክፍል ነው። ስሙ የተጻፈበት ሰው የሚሞትበት ደብተር ነው፤ ከጎኑም የሞት መንፈስ ፖም እየበላ ይንሳፈፋል። የእናትሽን አቋም አላውቅም፤ የእኔ እናት ቢሆኑ ጠበል ይረጩ ነበር። እኔ ራሴ እስከ 25ኛው ክፍል ተነፍሼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ውኃ የበዛበት ወጥ ነው።

እኛ ቤት ሁሉንም ያስማማው ሃይኪዩ ነው። መረብ ኳስ ነው። አጭር ልጅ ከፍ ብሎ ይዘላል፤ በቃ ይኸው ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ አሥር ክፍል ሲሆን ከሞላ ጎደል ሙሉው አንድ ግጥሚያ ነው። ጩኸት ግን አለው፤ ያ አይቀርልሽም።

መልስ፦ ማታ ፈረቃ

እኔም የጤና ባለሙያ ነኝና ለአንቺ ለብቻሽ አንድ ልጨምር፦ ሞንስተር። 74 ክፍል ነው፣ ከ2004 እስከ 2005 የታየ። ዱሰልዶርፍ የሚሠራ ቴንማ የሚባል ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። አንድ ሌሊት ጭንቅላቱን በጥይት የተመታ ልጅ ቀድሞ ይመጣል፤ ከዚያ የከተማው ከንቲባ ይመጣሉ፤ አለቆቹ ልጁን ትተህ ወደ ከንቲባው ግባ ይሉታል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ተቀብሎ አንድ ቱርካዊ ሠራተኛ ሞቶበታል፤ የሟቹ ሚስት ኮሪደር ላይ ሐኪሙን ይዛ ስታለቅስ ያቺን ድምፅ አልረሳትም። አሁን እንቢ ብሎ ልጁን ያድናል። ከዓመታት በኋላ ያዳነው ልጅ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ያገኘዋል። አስማት የለም፣ ጩኸት የለም። ተረኛ ሆነሽ እንዳታዪው ብቻ።

ሦስታችሁ አብራችሁ ለምታዩት ደግሞ ፉልሜታል ከከበዳችሁ ፍሪረን አለ። ከሺህ ዓመት በላይ የኖረች ሴት ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር የተጓዘችው አሥር ዓመት ለእሷ እንደ አንድ ሳምንት ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ አንዱ ሲሞት ቀብሩ ላይ «ስለ እሱ ለማወቅ ለምን አልሞከርሁም» ብላ ታለቅሳለች። የመጀመሪያው ምዕራፍ 28 ክፍል ነው። ጃፓን ውስጥ በ2023 ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በአንድ ምሽት ነበር ያሳዩት፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉት። እናቶች ቀብር ላይ የሚጀምር ታሪክ ይገባቸዋል።

ጠያቂዋ፦ ታላቅ እህት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መመለሴ ስለሆነ ይቅርታ። ብራዘርሁድን መረጥን። በሳምንት ስምንት ያላችሁትን ጠብቀናል፤ 24 ደርሰናል። መጀመሪያ ወንድሜ የትርጉም ጽሑፉን ለእናቴ ጮክ ብሎ በአማርኛ ያነብላት ነበር። አሁን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሲያመልጠው እሷ ራሷ ትሞላለታለች፤ እንዴት እንደምታውቀው እንጃ።

አራተኛውን ክፍል እሑድ ከቀትር በኋላ አየነው። የሰሚት ልጅ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው እግዚአብሔር ይስጥህ። እናቴ ቴሌቪዥኑን አጥፉ አለች፤ ከዚያ ደግሞ ከሩብ ሰዓት በኋላ «ያን ሰውዬ ያዙት?» ብላ አስከፈተችው።

አሁን ያለው ጭቅጭቅ ስለ አባትየው ነው። ልጆቹንና ሚስቱን ትቶ የሄደው ሰው በ20ኛው ክፍል በሚስቱ መቃብር ላይ ቆሞ ታየ። እናቴ «እስካሁን የት ነበር?» አለች። ከዚያ ወዲህ እሱ ብቅ ባለ ቁጥር ፊቷን ታዞራለች፤ ወንድሜ «ምክንያት አለው እማ» ቢላት «ሁሉም ምክንያት አላቸው» ብላ ትነሣለች። ወንድሜ መጨረሻውን ከጓደኞቹ ሰምቷል፤ ለእኔ ግን አይነግረኝም። ታሪኩን እንዳትነግሩኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ሲመጣ እናቴን እንዳትነሣ ላስቀምጣት ወይስ ልተዋት?

መልስ፦ የሰሚት ልጅ

አስቀምጫቸው።

መልስ፦ ማንጋ አንባቢ

በዚህ ላይ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። 40ኛው ክፍል ላይ ቡናው ይቅረብ።