ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ሥራ ሲጠይቅ ያለፈ ጥፋቱ ይመርመር? የሐዋሳ ነዋሪዎች ክርክር

አወያይ፦ ጥያቄው ይህ ነው። የእስራት ቅጣቱን ፈጽሞ ወደ ሐዋሳ የተመለሰ ሰው ሥራ ሲጠይቅ፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ እንዲያቀርብ መገደዱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?

ነጋዴ (መናኸሪያ አካባቢ)፦ ተገቢ ነው። መጋዘኔ ውስጥ የሚሠራ ሰው ቁልፍ ይይዛል፤ ዕቃ ቢጎድል ኪሳራው የእኔ እንጂ የማረሚያ ቤቱ አይደለም። ደግሞስ ሰውዬው መታረሙን ማን አረጋገጠልኝ? በበዓል ሰሞን በይቅርታ የሚለቀቀው ሁሉ ታርሟል ብሎ ማመን ይከብደኛል።

የሕግ ባለሙያ (አቶቴ)፦ የጋሼ ስጋት የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም ከእስር የሚወጣው ሁሉ በይቅርታ አይወጣም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ፍርደኛ በአመክሮ የሚፈታው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ከፈጸመ በኋላ ሲሆን፣ በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት፣ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን መካስ ይጠበቅበታል። ከዚህም ሌላ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛውን ከሙያው የማገድ ሥልጣን አለው። ዳኛው ያልጣለውን ክልከላ እያንዳንዱ ቀጣሪ በየቢሮው የሚጥል ከሆነ፣ ቅጣቱ መቼ ሊያበቃ ነው? የሚያሳዝነው ሕጉ ለዚህ መውጫ አበጅቶለት ነበር፤ መሰየም ይባላል። ተፈርዶበት የነበረ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ሲሰየም ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ ይሰረዛል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ጥፋት የሚነቅፈው ሰው፣ የተናገረው እውነት ቢሆንም እንኳ፣ በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። ችግሩ በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ይህን ለመጠየቅ ቢያንስ 5 ዓመት መጠበቁ ነው። ሥራ አጥቶ ወደ ቀድሞ ባልንጀሮቹ እንዳይመለስ የሚያሰጋው ጊዜ ግን ገና በወጣ ሰሞን ነው።

እናት (ታቦር)፦ ስለ ጥፋተኛው ብዙ ተባለ፤ ስለ ተበዳዩስ? አፊኒ በሚባለው የሲዳማ ሽማግሌዎች የእርቅ ሥርዓት እውነቱ በሸንጎ ሳይነገር እርቅ አይወርድም። እናንተ ደግሞ መዝገቡ ይሰረዝ ትላላችሁ።

የሕግ ባለሙያ፦ እትዬ፣ ጉዳቱን በአቅሙ ያልካሰ ሰው ቢያመለክትም አይሰየምም። በዚህ ሕጉና ሽማግሌዎቹ ብዙ አይራራቁም።

መምህር፦ በማረሚያ ቤት አስተምሬአለሁ፤ ሸማ የሚሠሩ፣ እንጨት የሚጠርቡ፣ ለብሔራዊ ፈተና የሚቀመጡ ታራሚዎች ነበሩ። (ሥልጠናው ሁሉ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም፤ መሣሪያው ባረጀበት፣ ክፍሉም በተጨናነቀበት ስንቱ ሙያ ይይዛል?) ይሁንና የሙያ ወረቀቱ ላይ የማረሚያ ቤቱ ማኅተም ካረፈበት፣ ቀጣሪው ፖሊስን ሳይጠይቅ ታሪኩን ያውቀዋል። ስለዚህ ታራሚዎች እንደ ማንኛውም ሠልጣኝ የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትነው፣ ማስረጃውን ከመዛኙ ተቋም ቢወስዱ ይሻላል።

ነጋዴ፦ ለእንጨት ሥራና ለጭነት እሺ፣ የፖሊስ ወረቀት አልጠይቅም። ቁልፍ ከሚይዝ ሰው ግን እጠይቃለሁ፤ ዋስም እፈልጋለሁ።

መምህር፦ የዋሱ ነገር ከወረቀቱ ይብሳል፣ ጋሼ። ስንቅ የሚያመላልስለት ዘመድ ያልነበረው ታራሚ ደመወዝተኛ ዋስ ከየት ያመጣል? የሙከራ ጊዜው እስኪያልቅ ማረሚያ ቤቱ ራሱ ቢዋሰውስ ይቀበላሉ?

ነጋዴ፦ ዋስትናው በጽሑፍ ከሆነና የጎደለውን የሚከፍል ከሆነ እቀበላለሁ። የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ከሆነ ግን አልቀበልም።