«ዳር ዳሩ ላይ ያለው ክትፎ አይታመንም» ተባልን

የጣፎ ልጅ፦
ሰሞኑን በየስልኩ የሚዞረውን ቪዲዮ ያላየ የለም መቼም። ሰውየው ከዋሽንግተን ለእረፍት መጥቶ፣ አዲስ አበባ ዳር ለገጣፎ አንድ ክትፎ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ጣባውን ግማሽ አድርሶ ወደ ካሜራው ዞረና «እውነተኛ ክትፎ የፈለገ ዋሽንግተን ይምጣ፤ እዚህ ዳር ዳሩ ላይ ያለው አይታመንም» አለን። ከሥሩ ደግሞ አስተያየት ሰጪው ሁሉ «እውነቱን ነው፣ በዳር ከተማ ጥሬ ይከልከል፣ ለብለብ ብቻ ይሸጥ» እያለ ይቀባበላል። ኧረ በናታችሁ! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ። ካልታመነ ግማሹን ለምን በላው?

ሲልቨር፦
አነጋገሩ ደስ አይልም፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። እኛ ጋ ዋሽንግተን ምግብ ቤቱ ጥሬ ስጋ የሚያቀርብ ከሆነ ያልበሰለ ስጋ ለሕመም ሊዳርግ እንደሚችል ሜኑው ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይሆን ተቆጣጣሪው ቴርሞሜትር ይዞ ይመጣል። እናንተ ጋ ስጋው መስኮት ላይ ተሰቅሎ የመኪና አቧራ ሲጠጣ ይውላል። «አይታመንም» ምኑ ላይ ነው ስድቡ?

ጉንችሬ፦
ሜኑ ላይ የሚጻፈውማ «ብትታመም እኔ የለሁበትም» ማለት ነው። እሱን ነው መታመን የምትለው? እኛ ጋ ባለቤቱ ራሱ ጠረጴዛህ ድረስ መጥቶ «እንዴት ነው?» ይልሃል።

ሲልቨር፦
ባለቤቱ ስለጠየቀኝ ባክቴሪያው ያፍራል?

ቢላዋ፦
ሁለታችሁም ቆዩ። «አይታመንም» የተባለው የቱ ነው? ስጋው? ቅቤው? አከታተፉ? ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ መሄድ ቀላል ነው።

ለክትፎ የሚሆነው ሞራ የሌለው ቀይ ስጋ ነው። ላዩ ላይ ያለው ስስ ነጭ ሽፋን ይገፈፋል፣ ጅማቱ አንድ በአንድ ይወጣል፣ ስጋው በስሱ ይዘለዘላል፤ ከዚያ መክተፊያው ላይ በአንድ አቅጣጫ፣ ዞሮ ደግሞ በሌላው ይከተፋል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ክትፎ ለማውጣት ከኪሎ በላይ መግዛት ግድ ነው፤ የሚጣል አለውና። ማሽን ይሄን አይለይም፣ ጅማቱን ከነሽፋኑ ይውጠዋል። ምላጩ ከደነዘ ደግሞ መቁረጡን ትቶ ይጨፈልቃል፤ ስጋው ይሞቃል፣ ውሃውን ይተፋል፣ ሊጥ ይሆናል። ሊጥ የሆነ ስጋ ቅቤ አይጠጣም፤ ቅቤው ጣባው ጠርዝ ላይ ይቆማል። አሁን ሲልቨር ይንገረን፦ ዋሽንግተን ያለው በምንድነው የሚከተፈው?

ሲልቨር፦
አብዛኛው በማሽን ነው፣ ማን ካደ? ግን አጠቃቀም አለው። ስጋውም ምላጩም በደንብ ቀዝቅዘው፣ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ባለው ሳህን አንዴ ብቻ ካሳለፍከው አይጨፈለቅም። ሊጥ የሚያደርገው ሁለቴ ማሳለፍ ነው። የእናንተ መክተፊያ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ የትናንቱ ስጋ እንዳለ ደግሞ አትርሳ።

ቢላዋ፦
ግንድ በጨው ይፋቃል፣ የፈላ ውሃ ይደፋበታል፣ ቆሞ ይደርቃል፤ ንጽሕናውን ደንበኛም ያየዋል። ማሽን ካልተፈታ አይታጠብም፤ ሆዱ ውስጥ የቀረውን የሚያየው የለም። በየምሽቱ የሚፈታው ስንቱ ቤት ነው? ስትቆጥር ንገረኝ።

እትዬ ኮሰረት፦
ልጆች፣ ሁላችሁም ስጋው ላይ ተረባረባችሁ። ክትፎን የሚያበላሸው ከሁሉ በፊት ቅቤ ነው።

ለጋ ቅቤ በዝግታ እሳት ይቀልጣል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ኮረሪማና ኮሰረት ይገባበታል። ለክትፎ ሲሆን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ባይበዛበት ነው የሚሻለው፤ የወጥ ቅቤና የክትፎ ቅቤ አንድ አይደለም። ሲንጫጫ የነበረው ዝም ሲል ውሃው አለቀ ማለት ነው፤ ያኔ ከእሳት ይውረድና ይጠለል። ከዚያ ካለፈ ሥሩ ያርራል፣ ይመራል። ከአንድ ኪሎ ለጋ 800 ግራም ግድም ከወጣላችሁ ጥሩ ቅቤ ነው፤ ውሃውና አሬራው ይቀነሳልና። ኪሎው ኪሎ ሆኖ ከወጣ የገዛችሁት የሚረጋ ዘይት ነው! ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ ጣባው ሲበርድ ላንቃችሁ ላይ እንደ ሰም ከተለጠፈ ያው ነው።

ጉንችሬ፦
እናመሰግናለን እትዬ። ሲልቨር፣ ስማ እንግዲህ። የእኛ ቅቤ የሚናጠው ከእርጎ ነው፤ ሽታውም ጣዕሙም ከዚያ ነው የሚመጣው። የአሜሪካ የሱቅ ቅቤ በአብዛኛው ካልኮመጠጠ ክሬም ነው። ኮሰረቱን ከዚህ በሻንጣ ወስደህ ብታነጥርበትም መሠረቱ የለም። ታዲያ «እውነተኛው» በየት በኩል ዋሽንግተን ገባ?

ሲልቨር፦
የሱቁ ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶ ስብ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ሽታው ባይመጣም የምበላውን አውቃለሁ። እናንተ እኮ ኪሎ ገዝታችሁ፣ አንጥራችሁ፣ መዝናችሁ ነው መታለላችሁን የምታውቁት። ሰውየው «አይጣፍጥም» አላለም፤ «አይታመንም» ነው ያለው። ለየብቻ ናቸው።

የጣፎ ልጅ፦
አሃ! አሁን ደግሞ «አይጣፍጥም አላለም» ተባለ። «እውነተኛ ክትፎ የፈለገ ዋሽንግተን ይምጣ» ያለውስ ማነው፣ የጎረቤቱ ልጅ ነው?

ባለማህተም፦
ስለ «መታመን» ከስጋው በኩል የማውቀውን ልናገር፤ ክርክሩ እዚህ ጋ ስቷል። የኮሶ ትል ዕጭ የሚቀመጠው በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ነው። ቄራ ላይ መርማሪው የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱንና ልቡን ሰንጥቆ በዓይኑ ያያል። ብዙ ካለበት ይያዛል፤ ጥቂት ብቻ ካለበት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ስጋው ላይ የሚመታው የቄራ ማህተም «ታይቷል» ማለት እንጂ «ፈጽሞ የለበትም» ማለት አይደለም። ዕጩን የሚገድለው ስጋው እስከ መሃሉ 60 ዲግሪ መሞቁ፣ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን መቆየቱ ነው።

አሁን «ለብለብ ብቻ ይሸጥ» የምትሉ ስሙኝ። ለብለብ 60 አይደርስም። ቅቤው ለብ ይላል፣ ስጋው መልኩን ይቀይራል፣ ያ ነው። ከደረሰማ ጥብስ ሆነ። ስለዚህ ከጥሬው ወደ ለብለብ መሄድ ለኮሶ ትል ምንም አያደርገውም። የሚከለክል ነገር የሌለው ክልከላ ነው የምትጠይቁት።

ጨፌ፦
ሚጥሚጣውስ? ሚጥሚጣና አንድ መለኪያ አረቄ ትሉን ድራሹን እንደሚያጠፋው አያቶቻችን ያውቃሉ።

ባለማህተም፦
አያቶቻችን ሚጥሚጣውንም አረቄውንም እያወቁ ኮሶ ሲጠጡ ኖረዋል እኮ ጨፌ። ቢያጠፋው ኖሮ ኮሶውን ምን አመጣው? ሚጥሚጣ አፍህን እንጂ ዕጩን አያቃጥለውም። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ታዞለት የሚገላገለው ሰው ሁሉ ሚጥሚጣ ሳይበላ ቀርቶ አይደለም።

ሲልቨር፦
አያችሁ? 10 ቀን ማቀዝቀዝ። እኛ የምንለው ይሄንኑ ነው። የቀዘቀዘ ስጋ ይታመናል።

ባለማህተም፦
የምትለውንማ አላልኩም። ቅዝቃዜው ለትሉ ነው፤ ባክቴሪያን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፣ ስጋው ሲሟሟ ይነሳል። ደግሞ እናንተ ጋ የኮሶ ትል ብርቅ የሆነው የሰው ዓይነ ምድር የከብት ግጦሽ ላይ ስለማይደርስ ነው። ምግብ ቤቱን ሳይሆን ሽንት ቤቱን አመስግን።

የጣፎ ልጅ፦
😂 ሽንት ቤቱን አመስግን! ይሄ ይሰቀልልን። እስቲ 10 ቀን የሚለውንም ጣፎ ላይ እንሞክረው፤ መብራቱ አሥር ሰዓት ሳይቆራረጥ ከዋለ ደግሞ ንገሩኝ።

ቢላዋ፦
መብራቱ ባይጠፋስ ምን ይሆናል? ስጋ ሲበርድ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ክሩን ይወጋዋል። ሲሟሟ ያ ውሃ ቀይ ሆኖ ይፈሳል፤ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ይብሳል። እሱን ስትከትፈው ጣባው ሥር ውሃ ይቋጥራል፣ ቅቤው አይይዘውም። ከፍሪጅ በቀጥታ አውጥተው የሚቀላቅሉት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፦ የሞቀው ቅቤ ቀዝቃዛ ስጋ ሲነካ እዚያው ይረጋና ነጭ ነጭ ፍርፋሪ ይሆናል። ያን ያየ ሁሉ «ቅቤው ተበርዟል» ይላል፤ ቅቤው ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

እትዬ ኮሰረት፦
ልክ ነህ ልጄ። ተቃራኒውም አለ። ቅቤው ፈልቶ ከፈሰሰበት ስጋው ግራጫ ይሆናል። ጣት ተነክሮበት የማያቃጥል ሲሆን ነው የሚገባው። ለአንድ ኪሎ ስጋ ከ200 እስከ 250 ግራም ቅቤ፤ ሚጥሚጣው መጀመሪያ ቅቤው ውስጥ ይሟሽ፣ ቅቤው ከእሳት ከወረደ በኋላ ስጋው ይግባ። ጨው ሚጥሚጣው ውስጥ ካለ ደግማችሁ አትጨምሩ። ኮረሪማው ያን ቀን የተፈለፈለና የተወቀጠ ይሁን፤ ተፈጭቶ የከረመ ሽታ የለውም።

ጦመኛው፦
ዛሬ ረቡዕ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚህ ቤት አለ?

ጨፌ፦
ጽሑፍ አያፈርስም።

ጦመኛው፦
ምራቅ መዋጥስ? ለማንኛውም የዋሽንግተኑን ሰውዬ አንድ ነገር ማስታወስ እፈልጋለሁ። እዚያ የሀበሻ ምግብ ስም ያወጣው በክትፎ ብቻ አይደለም። ማማ ደስታ የሚባለው የሀበሻ ምግብ ቤት ዋሽንግተን ላይ ከተከፈተበት ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈረንጁ እየተማረ የመጣው አንድ ትሪ ላይ በጋራ መብላትን ነው፤ ስጋ የማይበላው ሁሉ የሚሰለፈውም ለበያይነቱ ነው። እሱን ትቶ ጥሬ ስጋ ላይ ከጣፎ ጋር መፎካከር ምን ይሉታል?

ጉንችሬ፦
በያይነቱ ለጾም ነው፤ አሁን ከክትፎ ጋር አታምታታው። ይልቅ ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ ቆጮ። እዚያ ብዙው ቤት ክትፎ የሚያቀርበው በእንጀራ ነው። ኮምጣጣ እንጀራ ከቅቤና ከሚጥሚጣ ጋር ሲገባ የኮረሪማው ሽታ ይጠፋል። ቆጮ ተቀብሮ የበሰለው ወጥቶ በደንብ ተጨምቆ፣ ጭረቱ በቢላ ተከታትፎ፣ ስስ ሆኖ ሲጋገር ነው ከክትፎ ጋር የሚሄደው።

ሲልቨር፦
ጣፎ ላይ የሚመጣው ቆጮ ሁሉ ተጨምቆ ነው እንዴ? ግማሹ ወፍራም፣ መሃሉ ያልበሰለ፣ ጥርስ ውስጥ ጭረት የሚተው ነው። «ተጨምቆ» ይላል ደግሞ።

ጉንችሬ፦
ያልተጨመቀ የሚያቀርብ ቤት ካለ ቆጮ አያውቅም ማለት ነው፤ ውሃው ከነኮምጣጤው ውስጡ ይቀራልና ምጣዱ ላይ ይለጠፋል። የጋጋሪው ስህተት ግን አገር አያሰድብም።

ሲልቨር፦
የአንድ ጋጋሪ ስህተት አገር ካላሰደበ የአንድ ቱሪስት ቪዲዮም አገር አላሰደበም። ለምን 30 መልስ ጻፋችሁ ታዲያ?

የጣፎ ልጅ፦
ቱሪስት? ቦሌ ሲወርድ «አገሬ» ብሎ መሬት ይስማል፣ ጣፎ ሲደርስ ቱሪስት ይሆናል!

ባለማህተም፦
ወደ ቁም ነገሩ። መከልከል ያለበት ካለ ጓሮ የሚታረደው ነው። ከአያት ሰፈር አልፋችሁ ጣፎ ስትገቡ አስተዳደሩ ሸገር ከተማ ነው፤ የአዲስ አበባ ቄራ መርምሮታል ብላችሁ አትደምድሙ። ሉካንዳው ላይ የተሰቀለውን እግር ማህተሙን አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ማህተሙ ያለበት ቁራጭ ቀድሞ ተሸጦ አለቀ ከተባላችሁ፣ በጠዋት ሂዱ፤ ያኔ ገና አልተነካም።

ጨፌ፦
በጠዋት ሄጄ ማህተም ሳይ፣ ባለሉካንዳው «ጤና ቢሮ ነህ?» ብሎ ሻኛውን ይደብቀኛል።

ቢላዋ፦
ሻኛ ለክትፎ ምን ያደርግልሃል? ስቡ ነው የሚበዛው። ጥሬ ቁርጥ ከሆነ እሺ።

ጨፌ፦
ማን ክትፎ አለ፣ እኔ ሐሙስ ለቁርጥ ነው የምሄደው። ክትፎውን አይብ ቀላቅለው «ልዩ» እያሉ ዋጋ ሲጨምሩበት ተውኩት።

እትዬ ኮሰረት፦
አይቡ ጥፋት የለበትም፤ አሠራሩ ነው። አሬራው እሳት ላይ ሳይፈላ ቀስ ብሎ ሲቋጥር ለስላሳ ይሆናል። ከፈላ ይደርቃል፣ ጥርስ ላይ ይንጫጫል።

ጉንችሬ፦
ይሁን እትዬ፣ ግን ስጋው ላይ ለምን ይደባለቃል? ከተደባለቀ በኋላ ስጋው ቀይ ይሁን ግራጫ በምን ይታያል? አይቡም ጎመኑም ለየብቻ ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ይምጡ።

ቢላዋ፦
ጎመኑ ካልተጨመቀ እሱም ጣባውን ውሃ ያደርገዋል።

ሲልቨር፦
እዚህ ተጨምቆ ነው የሚመጣው።

ጉንችሬ፦
በማሽን ይሆናላ!